ኬፕ ቨርድን ያጸናት ትንሽነቷ ነውን? የአንድ ረጅም ክር ውሎ

ክሩ፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ በአንድ ርዕስ ሥር የተከታተለው የምላሾች ሰንሰለት፣ የተከፈተው ቁርጥ ባለ አስተያየት ነው። የከፈቱት ሰው በምጣኔ ሀብት የተመረቁ መሆናቸውን ካስተዋወቁ በኋላ፣ ከሴኔጋል ጠረፍ በስተ ምዕራብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ኬፕ ቨርድ በየጉባኤው የአፍሪካ አርአያ እየተባለች መጠቀሷ እንደሰለቻቸው ጻፉ። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ፣ የቆዳ ስፋቷም 4,033 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ እርሷን መምራት አንድ ክፍለ ከተማ ከማስተዳደር አይለይም፤ ምርጫዋ በሰላም የሚያልፈው፣ ኢኮኖሚዋም የተራመደው ትንሽ በመሆኗ ብቻ ነው፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያም ከእርሷ የምትቀስመው ትምህርት የለም የሚል ነበር የመከራከሪያቸው ፍሬ። በመጨረሻም የሚቃወም ካለ ማስረጃ ይዞ ይምጣ ብለው ጋበዙ፤ ሰዉም መጣ። (በክሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።)

1ኛው ምላሽ የአንድ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጤና ይስጥልኝ ብለው ጀምረው፣ ለሐሳቡ አክብሮት እንዳላቸው ገልጸው፣ ግን የክፍለ ከተማው ንጽጽር ካርታውን ያላየ ሰው ንጽጽር እንደሆነ በጨዋ አነጋገር አመለከቱ። አገሪቱ 10 ደሴቶች ናት፤ ከሳንታ ሉዚያ በቀር 9ኙ ሰው ይኖርባቸዋል። በሰሜን በኩል ሳንቶ አንታዎ፣ ሳኦ ቪሴንቴ፣ ሳኦ ኒኮላው፣ ሳል እና ቦዋ ቪስታ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ማዮ፣ ሳንቲያጎ፣ ፎጎ እና ብራቫ ተበታትነዋል። ወደ አፍሪካ የሚቀርቡት ሳል፣ ቦዋ ቪስታና ማዮ ሜዳማና አሸዋማ ሲሆኑ የቀሩት ተራራማ ናቸው፤ የፎጎ እሳተ ገሞራ ጫፍ 2,829 ሜትር ይደርሳል። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ዋና ከተማዋ ፕራያ ባለችበት በሳንቲያጎ ነው። 2ኛው ምላሽ ምስጋና ብቻ ነው።

3ኛው ምላሽ፣ በእኔ ሚዛን፣ የክሩ ምሰሶ ነው። ጸሐፊዋ የሕክምና ባለሙያ ነኝ ይላሉ፤ ጥያቄውንም ገልብጠው ትንሽነት ጸጋ ነው ወይስ ዕዳ ብለው ያነሳሉ። ግማሽ ሚሊዮን ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ቢሰፍር አንድ ወደብ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታልና አንድ የኃይል ማመንጫ ይበቃው ነበር፤ በ9 ደሴቶች ላይ ሲበተን ግን ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ያላት ደሴት እንኳ የራሷን ጀነሬተር፣ የራሷን የጀልባ ማረፊያ፣ የራሷን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትጠይቃለች። አውሮፕላን በማያርፍባት በብራቫ ምጧ የጠናባት ሴት ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት መጀመሪያ ባሕሩ መረጋጋት አለበት፤ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ፎጎ፣ ካልሆነም ሌላ ጉዞ ወደ ፕራያ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ መንግሥት በጥር 2024 ከዓለም ጤና ድርጅት ከወባ ነጻ የመሆን ማረጋገጫ አገኘ፤ በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ከሞሪሸስና ከአልጄሪያ ቀጥሎ 3ኛው መሆኑ ነው። ባለሙያዋ እዚህ ላይ አንድ ነገር ለከፋቹ ይለቃሉ፤ ወባን ከደሴት ማጥፋት ከአህጉር መሬት ይልቅ ይቀላል። ሆኖም ከሌላ ደሴት በመርከብ ወይም ከዋናው አፍሪካ በአውሮፕላን የሚገባውን ታማሚ ሁሉ የሚከታተል የጤና ሠራተኛ ከሌለ ባሕር ብቻውን እንደማይከላከል ያክላሉ።

በ4ኛው ምላሽ ከፋቹ ተመልሰው መጡ። ለባለሙያዋ ምስጋና አቅርበው፣ የተነገረው ሁሉ የወጪ ጉዳይ እንጂ የፖለቲካ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ወጪውንም የሸፈነው የለጋሾች ገንዘብ እንደሆነ ጻፉ። ድምፃቸው እዚህ ላይ ጠንከር ማለት ጀምሯል።

5ኛው ምላሽ ወደ ድርቁ ወሰደን። ደሴቶቹ ከሰሃራ በስተ ደቡብ የተዘረጋው ደረቅ ቀጣና የሳህል ታናሽ ወንድሞች ናቸው፤ ዝናቡ በዓመት ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመትም ጭራሽ ይቀራል። በ1941–43 እና በ1947–48 በፖርቱጋል አገዛዝ ሥር የደረሱት ረሃቦች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሱ፤ በ1940 ወደ 180 ሺህ ይጠጋ የነበረው ሕዝብ በ1950 ወደ 150 ሺህ ወርዶ ነበር። ከሞት የተረፈውም ብዙው በኮንትራት ተፈራርሞ በሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻ ላይ ጉልበቱን ሊሸጥ ተጓዘ። ጸሐፊው የወሎ ልጅ መሆናቸውን በአንድ ሐረግ ብቻ ጠቅሰው ያልፋሉ፤ ሌላ ማብራሪያም አላስፈለገም። የሚሉት ይህን ነው፦ በ1975 ሥልጣን የያዙት ሰዎች ይህን በዓይናቸው ያዩ ስለነበሩ ለመንግሥታቸው የመጀመሪያው ፈተና ሕዝቡ በድርቅ ዓመት አለመሞቱ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ድርቅ ቢደጋገምም እንደዚያ ያለ እልቂት አልተደገመም።

6ኛው ምላሽ ለከፋቹ የለጋሽ ገንዘብ ክስ ቀጥተኛ መልስ ስለያዘ ልዘርዝረው። መንግሥት በእርዳታ የመጣውን እህል በነጻ አላደለም፤ በገበያ ሸጦ ገንዘቡን የጉልበት ሥራ ደመወዝ አደረገው። ገበሬው ቀን እየተቆጠረለት እርከን ሠራ፣ በገደላገደሉ ላይ የድንጋይ ክትር ገነባ፣ መንገድ ጠረበ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተከለ፤ በደመወዙም እህሉን ከሱቅ ገዛ። እህል በእጅ ከሚሰጥበት የምግብ ለሥራ አሠራር የሚለየው እዚህ ላይ ነው ይላሉ መላሹ፤ ነጋዴው ከገበያ አልወጣም፣ ሠራተኛውም ተመጽዋች አልተባለም። ለመጠጥ ውሃም የሳኦ ቪሴንቴ ከተማ ሚንዴሎ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የባሕር ውሃ ጨው ማጣሪያ ነበራት፤ ዛሬ የትልልቆቹ ከተሞች ቧንቧ በዋናነት የሚያደርሰው ከባሕር የተጣራ ውሃ ነው። ማጣሪያው ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ፣ ኤሌክትሪኩም ከውጭ በሚገዛ ነዳጅ ስለሚመረት፣ የነዳጅ ዋጋ ሲወደድ ውሃውም አብሮ ይወደዳል። በ2011 እና 2012 በ4 ደሴቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሥራ የጀመሩት ከዚህ አዙሪት ትንሽም ቢሆን ለመውጣት ነው።

መላሹ ከተተከሉት ችግኞች መካከል ብዙው ፕሮሶፒስ መሆኑን ባይጠቅሱ ኖሮ ክሩ መንገዱን ባልሳተ ነበር። በ7ኛው ምላሽ ከአፋር የመጡ አንድ የከብት ሐኪም በቁጣ ደረሱ። ያ እሾሃም ዛፍ በአዋሽ ዳርቻ የግጦሽ መሬት እንዴት እንደዋጠ፣ ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው እንዴት እንደሚበትኑት፣ እሾሁም የእንስሳቱን ኮቴና አፍ እንዴት እንደሚያቆስል ገልጸው፣ ይህን ዛፍ በሚሊዮን መትከልን እንደ ልማት መቁጠር ለእርሳቸው ስድብ እንደሆነ ጻፉ። 8ኛው ምላሽ ሊያበርዳቸው ሞከረ፤ በሳንቲያጎ ሌላ ዛፍ በማይጸድቅበት ኮረብታ ላይ የቆመው፣ ለማገዶና ለፍየል መኖ የሚውለው ይኸው ዛፍ ስለሆነ አንዱ አገር የረገመውን ሌላው ሊመርቀው ይችላል አለ። የከብት ሐኪሙ አልበረዱም። 9ኛው ምላሽ የአወያዩ ሲሆን ዛፉ ለራሱ ክር እንዲከፈትለት ይጠይቃል።

10ኛው ምላሽ ስለ መንግሥት ነው፤ ጸሐፊዋ የሕግ ተማሪ ናት። ነጻነቱ የታወጀው ሐምሌ 5 ቀን 1975 ሲሆን፣ የነጻነት ንቅናቄው መሥራች የግብርና ባለሙያው አሚልካር ካብራል ያን ቀን ሳያይ በጥር 1973 በኮናክሪ ተገድሏል። አንድ ፓርቲ ብቻ ለ15 ዓመታት ገዛ፤ ከዚያም በ1990 ሕጉን ራሱ ቀይሮ በጥር 1991 ምርጫ አደረገ፣ ተሸነፈ፣ ወረደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔድሮ ፒሬስ ተቃዋሚ ሆነው ቆይተው በ2001 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ፤ ካርሎስ ቬይጋን ያሸነፉት በ12 ድምፅ ብቻ ነበር። በ12 ድምፅ የተሸነፈው ወገን ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ውሳኔውን ተቀበለ፣ ወደ ቤቱ ገባ። ፒሬስም ሁለት የሥልጣን ዘመናቸውን ጨርሰው በ2011 ሲወርዱ፣ በሕጉ መሠረት ሥልጣን ለሚለቁ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰጠውን የሞ ኢብራሂምን ሽልማት ተቀበሉ። ተማሪዋ ለከፋቹ ያቀረበችው ጥያቄ አጭር ነው፦ 12 ድምፅን መቀበል ከሕዝብ ብዛት ጋር ምን አገናኘው? ከፋቹ ይህን አልመለሱም፤ እስከ ክሩ መጨረሻም ዘለውት ነው ያለፉት።

11ኛው ምላሽ የመድረኩን ቃና ቀየረው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባሉ ቆይተው ይህኛው ተማሪዋን አንቺ፣ 6ኛውን መላሽ ደግሞ አንተ እያለ መጣ። ኬፕ ቨርድን ቅድስት ማድረጉ ይብቃ፤ ከ1963 ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች በአፓርታይድ ምክንያት ለደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ሰማያቸውን ሲዘጉ፣ አውሮፕላኖቹ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሲበሩ ነዳጅ የሚቀዱት በሳል ደሴት ነበር፤ ፖርቱጋል ከወጣች በኋላም ይኸው ቀጠለ፤ ለነጻነት ተዋጋን የሚሉት ሰዎች የአፓርታይድን ገንዘብ ተቀበሉ ይላል። እውነቱን ለመናገር አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ነገሩ የተመዘገበ ታሪክ ነው፤ በክሩ ውስጥ አገሪቱን ከወደዱት ሰዎች መካከልም አስቀድሞ ሊያነሳው የደፈረ አልነበረም።

12ኛው ምላሽ አልካደም። አዲሲቱ አገር ባዶ ካዝና ስትረከብ ከጥቂት የውጭ ምንዛሪ ምንጮቿ አንዱ ያ አውሮፕላን ማረፊያ እንደነበረ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ወደ አንጎላ የሚጓዙ የኩባ አውሮፕላኖችም ነዳጅ ይቀዱ እንደነበር፣ ማለትም በአንጎላ ይዋጉ የነበሩት ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ማደያ ይስተናገዱ እንደነበር ይተርካል። ይህን አንዱ ብልህነት፣ ሌላው አድርባይነት ሊለው ይችላል ብሎ ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋል። እኔ ወደ ብልህነቱ ባደላም 11ኛው ሰው የተቆጣበት ምክንያት አይጠፋኝም። 13ኛውና 14ኛው ምላሾች ስድብ ስለነበረባቸው አወያዩ አንስቷቸዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

15ኛው ምላሽ በማሳቹሴትስ ከሚኖሩ ኢትዮጵያዊት የመጣ ነው፤ ጎረቤቶቻቸው በብሮክተን ያሉ የኬፕ ቨርድ ሰዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኒው ቤድፎርድ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች በብራቫና በፎጎ እየቆሙ መርከበኛ ይቀጥሩ ስለነበር ስደቱ ከዚያ እንደሚጀምር ካስረዱ በኋላ ያዩትን ይገልጻሉ። በጎረቤታቸው ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆማል፤ ቅናሽ በተገኘ ቁጥር ዘይት፣ ሩዝ፣ ሳሙና፣ የልጆች ጫማና ደብተር ይገባበታል፤ ሲሞላ ክዳኑ በብረት ቀለበት ይታሰርና በላዩ የተቀባዩ ስምና የደሴቱ ስም በወፍራም ቀለም ተጽፎ ወደ መርከብ ይሄዳል። ውጭ የሚኖረው የኬፕ ቨርድ ተወላጅ አገር ቤት ካለው እንደሚበዛ ይነገራል፤ የሚልከው ሐዋላም ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከ10 በመቶ በላይ ነው። መንግሥቱ ግን ከእነርሱ ዶላር ብቻ አልፈለገም፤ ጥምር ዜግነት ፈቀደላቸው፣ ከ72ቱ የፓርላማ መቀመጫዎችም 6ቱን በውጭ ለሚኖሩት መደበላቸው፦ 2 ለአፍሪካ፣ 2 ለአሜሪካ አህጉር፣ 2 ለአውሮፓና ለተቀረው ዓለም። እኔ ግን፣ ይላሉ ጸሐፊዋ፣ የያዝኩት ቢጫ ካርድ ነው፤ ያለ ቪዛ እገባበታለሁ፣ አልመርጥበትም።

ይህ ምላሽ ትልቁን እሳት ጫረ። 16ኛው መላሽ ከአዲስ አበባ ሆኖ፣ የዳቦ ወረፋ የማይሰለፍ፣ ግብር የማይከፍል፣ ልጁን ለወታደርነት የማይሰጥ ሰው ከባሕር ማዶ ሆኖ በድምፁ ሊገዛኝ ነወይ ብሎ ቆጣ አለ። 15ኛዋ መላሽም በ17ኛው ምላሽ ተመልሰው እትዬ ከመባል ወደ አንቺ መውረዳቸውን በትዝብት ካነሱ በኋላ፣ 6 ከ72 ገዢ እንደማያደርግ፣ የሚያሰማ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። በዚህ ነጥብ ላይ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ነገር ግን በ12 ድምፅ በተወሰነው የ2001 ምርጫ ከውጭ የተሰጠ ድምፅም ስለተቆጠረ የአዲስ አበባው ሰው ሥጋት እንዲያው የሚጣል አይደለም፤ ጠበብ ባለ ምርጫ ጥቂት ሰው ሚዛን ሊደፋ ይችላል፤ ይህንንም ያነሳ አልነበረም።

በ18ኛው ምላሽ እግር ኳስ ገባ፤ መግባቱ አይቀርም ነበር። በጥር 2022 በያውንዴ በአፍሪካ ዋንጫ ኬፕ ቨርድ ዋልያዎቹን 1 ለ 0 መርታቷን ጸሐፊው በቁጭት አስታውሶ፣ ያቺው ቡድን በጥቅምት 2025 ኢስዋቲኒን በፕራያ 3 ለ 0 አሸንፋ፣ ካሜሩንን ከኋላዋ አስቀርታ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ማለፏን ይተርካል። ደብሊን ተወልዶ ያደገው ተከላካይ ሮቤርቶ ሎፔስ ለብሔራዊ ቡድኑ የተጠራው ሠራተኛና ቀጣሪ በሚገናኙበት ድረ ገጽ በሊንክድኢን ነው፤ አሠልጣኙ በፖርቱጋልኛ የላኩለትን መልእክት ተራ ማስታወቂያ መስሎት ትቶት ነበር፤ ከወራት በኋላ በእንግሊዝኛ ሲጽፉለት ነው የነቃው። ከርዕስ የወጣ ቢመስልም ለ15ኛው ምላሽ ከዚህ የተሻለ ደጋፊ አልተገኘም፤ አገሪቱ ሰዎቿን ከያሉበት ፈልጋ ትጠራለች።

19ኛው ምላሽ የባንክ ሠራተኛ ሲሆን ሁሉንም ወደ ሒሳብ መለሰ። ኬፕ ቨርድ ከቦትስዋና ቀጥሎ በዝቅተኛ ደረጃ ካደጉ አገሮች ዝርዝር የወጣች 2ኛዋ አገር ናት፤ ይህም በ2007 መጨረሻ ነው። ገንዘቧ ኤስኩዶ ለአንድ ዩሮ 110.265 ሆኖ ታስሯል፤ የዋጋ ንረቱን የገታው፣ ለቱሪስቱም ሆነ ለሐዋላ ላኪው እምነት የሰጠው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የጨለማውን ጎን ይገልጣል። ቱሪዝም የዓመታዊ ምርቱን ሩብ ያህል ይይዛል፣ አብዛኛው ሆቴል ደግሞ በሳልና በቦዋ ቪስታ ስለተከማቸ በ2020 ሰማዩ ሲዘጋ ኢኮኖሚው ክፉኛ ወደቀ፤ የመንግሥት ዕዳ ከዓመታዊ ምርቱ በልጦ ነበር። ብሔራዊ አየር መንገዱ በ2019 ለአይስላንድ ባለሀብቶች በከፊል ተሸጦ በ2021 ተመልሶ በመንግሥት እጅ ገባ። ምግቡ በአብዛኛው ከውጭ ይገዛል። ወጣቱ ሥራ አጥቶ ወደ ሊዝበን ይመለከታል። ባንከኛው የሚለው አገሪቱ ትንሽ ብትሆንም አላመለጠችም ነው፤ የሚገርመው ከፋቹ ይህን ምላሽ ለእርሳቸው የተሰጠ ድጋፍ አድርገው ማመስገናቸው ነው።

20ኛው መላሽ በሥራ ምክንያት ፎጎን የረገጠ ሰው ነው። በኅዳር 2014 የፈነዳው እሳተ ገሞራ በእሳተ ገሞራው ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ በቻ ዳስ ካልዴይራስ ያሉትን የፖርቴላንና የባንጋዬራን መንደሮች በቅልጥ ድንጋይ ሲቀብራቸው ነዋሪው ቀድሞ ሸሽቶ ነበር። መላሹ ሲደርስ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ የሚታየው የአንዳንድ ቤት ጣሪያ ብቻ ነበር፤ ከጣሪያው አጠገብ ግን ሰዉ ከዚያው ድንጋይ ጠርቦ አዲስ ክፍል ሠርቶ ገብቷል። የወይን እግሮቹ በአመዱ ውስጥ በተቆፈሩ ጉድጓዶች አንድ አንድ እየሆኑ ተተክለዋል፤ መስኖ የለም፣ አመዱ የሌሊቱን እርጥበት ይይዝላቸዋል። መንግሥት ወደ ታች ወርዳችሁ ስፈሩ ቢላቸውም መልሰው የወጡት አፈሩ ለም ስለሆነ ነው ይላል።

ክርክሩን ወደ ጥያቄው የመለሰው 21ኛው ምላሽ ነው። የካብራል ንቅናቄ ኬፕ ቨርድንና ጊኒ ቢሳውን አንድ ላይ ነጻ ለማውጣት የታገለ፣ በሁለቱም አገር ሥልጣን የያዘ አንድ ፓርቲ ነበር። ጊኒ ቢሳው ትንሽ አገር ናት፤ ዝናብ አላት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሰፊ መሬትና የካሹ ምርት አላት። በ1980 ግን መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባት፣ የሁለቱም አገሮች አንድነት በዚያ ተቆረጠ፤ በ2003 እና በ2012 ደግሞ ተደገመ፤ በመካከልም የእርስ በርስ ጦርነት ተካሂዶባታል። መሥራቹ አንድ፣ ፓርቲው አንድ፣ ትንሽነቱም ተመሳሳይ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል።

ከፋቹ በ22ኛው ምላሽ ሲመለሱ ነጥባቸው ተንሸራትቷል። ጊኒ ቢሳው በአህጉር መሬት ላይ እንዳለች፣ ድንበርና ጎረቤት እንዳላት፣ የነጻነት ጦርነቱም የተካሄደው በእርሷ መሬት ላይ ስለነበር ጠመንጃ የያዘ ሠራዊት እንደወረሰች ጠቅሰው፣ ዋናው ነገር ደሴትነት ነው አሉ። ስለ ሠራዊቱ ያሉት ትክክል ነው፤ በክሩ ውስጥ ከጻፉት ሁሉ ጠንካራውም ይኸው ነው። 23ኛው ምላሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ኮሞሮስን አስታወሳቸው፤ እርሷም ትንሽ ናት፣ እርሷም ደሴት ናት፣ ነጻነቷን ያወጀችው ከኬፕ ቨርድ አንድ ቀን ዘግይታ ሐምሌ 6 ቀን 1975 ነው፤ ወር ሳይሞላት በነሐሴ 3 መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደባት፤ ከዚያ ወዲህ የተሳካውና የከሸፈው ሙከራ ከ20 በላይ ሆኗል። ከፋቹ ቅጥረኛ ወታደሮችንና የፈረንሳይን እጅ ሳያነሱ ስለ ኮሞሮስ መናገር እንደማይቻል፣ ለዚያም ሌላ ክር እንደሚከፍቱ ጽፈው ወጡ። የከብት ሐኪሙ ከሥር የፕሮሶፒሱ ክርም እንዳይረሳ አሳሰቡ።